ሴሊያክ ይዞ የአሜሪካን የአካል ጉዳት ክፍያ መጠየቅ፦ የአገልግሎቱ ግምገማ

በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሴሊያክ የተባለው የአንጀት በሽታ እንዳለበት ከሐኪም ሲነገረው፣ ከዘመድ ወዳጅ ቀድሞ የሚደርሰው ምክር ብዙውን ጊዜ «ለዲሴቢሊቲ አመልክት» የሚል ነው። ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ቢሆንም፣ የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር የሚከፍለው የአካል ጉዳት ክፍያ ለዚህ በሽታ ምን ያህል እንደሚያገለግል መርምሮ የሚመክር ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ የሰፈራችን ሰዎች ቅጽ ሲሞሉ በማስተርጎምና በማገዝ ከአገልግሎቱ ጋር ተዋውቄያለሁ፤ ታላቅ እህቴም ከሴሊያክ ጋር የምትኖር በመሆኗ ጉዳዩን ከታማሚው ወገን ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ምግቡን አስተካክሎ ወደ ሥራው ለተመለሰ ሰው ይህ አገልግሎት ምንም አይሰጥም፤ በሽታው ክብደቱን፣ አጥንቱን ወይም ነርቩን ለጎዳበት ሰው ግን፣ ማስረጃው በወጉ ከተሰናዳ፣ አድካሚውን መንገድ መጀመሩ ተገቢ ነው። አብዛኛውን ታማሚ የሚጠቅሙት ከዚህ ክፍያ ጎን ያሉት፣ ስማቸው ብዙም የማይነሳ አነስተኛ እርዳታዎች ናቸው።

አገልግሎቱ ከሴሊያክ ጋር የማይገጥምበት ምክንያት ከበሽታው ጠባይ ይጀምራል። ሴሊያክ፣ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ የሚገኘው ግሉተን ወደ ሆድ ሲገባ፣ የሰውነት መከላከያ ተነሥቶ የገዛ ራሱን ትንሹን አንጀት የሚያጠቃበት በሽታ ሲሆን፣ ከመቶ ሰዎች አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል። የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘለትም፤ ያለው ሕክምና ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕክምናው የሚገዛው ከፋርማሲ ሳይሆን ከምግብ መደብር ነው፤ የአሜሪካ የጤና መድን ደግሞ በጥቅሉ ለመድኃኒት እንጂ ለዳቦ አይከፍልም። የምግብ ባለሙያ ምክር እንኳ ቢሆን፣ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን የሥነ ምግብ ሕክምና የሚሸፍነው ለስኳር ሕመምተኞች፣ ለኩላሊት ሕመምተኞችና ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰዎች ነው፤ ሕክምናው በሙሉ ምግብ የሆነው ሴሊያክ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ይህ የአሠራር ጉድለት መሆኑን ለመናገር ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

የእኛን ሰው በተመለከተ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ሴሊያክ የያዘው ሐበሻ ከማንም የተሻለ የታደለ ይመስላል፤ «ምን ቸገረህ፣ እንጀራህን ብላ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በአሜሪካ ከተሞች በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው እንጀራ በብዛት ከገብስ ወይም ከስንዴ ዱቄት ጋር የተደባለቀ ነው። ንጹሕ ጤፍ ነው የተባለውም ቢሆን ከተደባለቀው ጋር በአንድ ምጣድ እየተፈራረቀ ከተጋገረ፣ ወይም እርሾው ገብስ ካለበት ቡሖ የተወሰደ ከሆነ፣ ለታማሚው አይሆንም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2013 ባወጣው ደንብ መሠረት «ከግሉተን ነጻ» የሚል ጽሑፍ የሚለጠፍበት ምግብ በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት፤ ይህን ልክ ለማለፍ ደግሞ ከምጣዱ ጠርዝ የሚነሣ ፍርፋሪ ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ እህቴ ዱቄቱን ራሷ ገዝታ፣ ለብቻው በተቀመጠ ምጣድ፣ ራሷ ባስነሣችው እርሾ ትጋግራለች። ለበሶ፣ ለቂንጬና ለአምባሻ ምትክ መፈለጉ፣ በየድግሱም «ትንሽ ብትቀምሺ ምን አለበት» የሚለውን ግብዣ በትሕትና መመለሱ ተጨማሪ ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል፣ ሆኖም በየትኛውም የአካል ጉዳት ቅጽ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለውም።

ወደ አገልግሎቱ ስንመጣ፣ ሰዎች የሚያምታቷቸው ሁለት ክፍያዎች አሉ። ኤስኤስዲአይ የሚባለው ሠርቶ የሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ የከፈለ ሰው መድን ነው፤ በአብዛኛው 40 የሥራ ነጥብ፣ ከእነዚህም ውስጥ 20ው ባለፉት 10 ዓመታት የተገኙ እንዲሆኑ ይጠይቃል፣ በዕድሜ ወጣት የሆነ ሰው ግን ባነሰ ነጥብ ያልፋል። ኤስኤስአይ በበኩሉ የሥራ ታሪክ የማይጠይቅ፣ ለዝቅተኛ ገቢ የተዘጋጀ ድጎማ ሲሆን፣ በ2025 ከፍተኛው የፌዴራል ክፍያ ለአንድ ሰው በወር 967 ዶላር ነበር፤ የአመልካቹ ቁጠባና ንብረት ከ2,000 ዶላር፣ የባልና ሚስት ደግሞ ከ3,000 ዶላር መብለጥ የለበትም፣ የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና ግን አይቆጠሩም። ዜጋ ያልሆነ ሰው ለኤስኤስአይ ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታዎች አሉበት፤ ለምሳሌ በስደተኝነት የገባ ወይም ጥገኝነት የተሰጠው ሰው በዚህ ደረጃው ክፍያውን ሊያገኝ የሚችለው በአብዛኛው ለ7 ዓመት ነው።

በሕክምናው በኩል ሁለቱም አንድ መስፈርት ይጠቀማሉ። ሕመሙ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም ይቆያል ተብሎ የሚጠበቅ መሆን አለበት፤ አመልካቹም የቀድሞ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ሌላም ሥራ መሥራት ያቃተው መሆን አለበት። ከፊል ጉዳት፣ ሠላሳ በመቶ፣ ሃምሳ በመቶ የሚባል ነገር በዚህ ሕግ የለም። በወር ከተወሰነ መጠን (በ2025 1,620 ዶላር ነበር) በላይ ከሥራ የሚያገኝ፣ ዓይነ ስውር ያልሆነ አመልካች፣ የሕክምና ፋይሉ ሳይገለጥ በመጀመሪያው እርከን ላይ ይቆማል። የእህቴ ጉዳይ የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው፤ የሙሉ ጊዜ ሥራ ስላላት ማመልከቱ ጊዜ ማጥፋት እንደሆነ ተስማምተን ተውነው። ሴሊያክ ካለባቸው ሰዎች ብዙኃኑ በዚሁ መደብ ውስጥ ናቸው፣ ምክሩን የሚሰጡ ሰዎችም ይህን አንድ ቁጥር ቀድመው ቢያነሡት ብዙ ድካም ይቀር ነበር።

ይህን እርከን ያለፈ ሰው የሚገጥመው የበሽታዎች መዘርዝር ነው። መዘርዝሩ በበቂ ሁኔታ ከባድ የሚባሉ ሕመሞችን ከነመለኪያቸው የያዘ ሲሆን፣ ሴሊያክ የራሱ ቁጥር የለውም። ቅርብ የሆነው 5.08 ነው፤ እርሱም በማንኛውም የምግብ መፍጫ አካል ሕመም ምክንያት የመጣን የክብደት መቀነስ ይመለከታል። መለኪያው፣ የታዘዘውን ሕክምና እየተከታተሉም ቢሆን የክብደትና የቁመት ምጣኔ ከ17.50 በታች ሆኖ፣ በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ በ60 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ መመዝገቡ ነው። ቁጥሩ ሥጋ ሲለብስ ምን እንደሚመስል ለማየት፣ ቁመቷ አንድ ሜትር ከ65 የሆነ ሴት ከ47 ኪሎ ተኩል ያህል በታች መውረድ ይኖርባታል ማለት ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ በሐኪም ሚዛን ላይ፣ በፋይል ውስጥ ተጽፎ። ለምርመራ ዘግይቶ የደረሰ ታማሚ እዚህ ልክ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ከግሉተን መራቅ ከጀመረ በኋላ ክብደቱ ቶሎ ከተመለሰ መለኪያውን አያሟላም። በሌላ በኩል በሽታው ያስከተላቸው ጉዳቶች በየራሳቸው መዘርዝር ይታያሉ፦ የእጅና የእግር ነርቭ መጎዳት በነርቭ ሥርዓት ክፍል፣ በቆዳ ላይ የሚወጣው የሚያሳክክ ሽፍታ በቆዳ ክፍል፣ ከአጥንት መሳሳት የመጣ ስብራት በአጥንትና በመገጣጠሚያ ክፍል። ሕጉ የሕመሞችን ጥምር ውጤት እንዲመለከቱ ውሳኔ ሰጪዎቹን ስለሚያስገድድ፣ ማመልከቻ ላይ «ሴሊያክ» ብቻ ጽፎ የደም ማነሱን፣ የአጥንቱን መሳሳት፣ የታይሮይዱን ሕመም ሳይጠቅሱ መተው ራስን መጉዳት ነው።

መዘርዝሩን ያላሟላ ሰው አበቃለት ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚመዘነው ለሥራ የቀረው አቅም ነው፤ በቀን ስንት ሰዓት ይቆማል፣ ስንት ኪሎ ያነሣል፣ ምን ያህል ጊዜ ከሥራ ይቀራል የሚለው። በሴሊያክ ጉዳይ ውሳኔውን የሚያዞረው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። በችሎት የሚቀርቡ የሥራ ባለሙያዎች፣ ሳይታሰብ በተደጋጋሚ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ወይም በየወሩ ከአንድና ከሁለት ቀን በላይ የሚቀር ሠራተኛን የሚታገሥ አሠሪ እንደማይኖር አዘውትረው ይመሰክራሉ። ስለዚህ ሕመሙ የተነሣበትን ቀን፣ መጸዳጃ ቤት የተመላለሰበትን ብዛትና ከሥራ የቀረበትን ጊዜ በየዕለቱ የመዘገበ ታማሚ፣ «ሁልጊዜ ሆዴን ያመኛል» ብሎ ከጻፈው ይልቅ ብዙ ርቀት ይሄዳል። ዕድሜም ሚዛን አለው፤ 50 ዓመት የሞላውና ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ብቻ የቀረው ሰው፣ ወደዚያ የሚያሻግር ሙያ ከሌለው ደንቡ ያግዘዋል፣ ከ55 በኋላ ደግሞ ይበልጥ ይላላል። እንግሊዝኛ አለመቻል ግን እንደ ቀድሞው አይረዳም፤ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ በትምህርት መለኪያነት መቆጠሩ ቀርቷል። ይህን ሳያውቁ ቋንቋ አለመቻላቸውን እንደ ዋና ምክንያት የሚያቀርቡ አዛውንቶች ዛሬም አሉ።

በእኛ ማኅበረሰብ ማመልከቻውን የሚያዳክመው ትልቁ ነገር በሕጉ ውስጥ አይገኝም። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የምንለው ምስጋና እንጂ የጤና ሪፖርት ሆኖ አይደለም፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ግን «ታማሚዋ ደህና መሆኗን ተናግራለች» ተብሎ ይገባል። ከዓመት በኋላ ፋይሉን የሚያነበው የክፍለ ግዛቱ መርማሪ ታማሚዋን አያያትም፤ የሚያየው ይህን ዓረፍተ ነገር ነው። አስተርጓሚ ሆኜ ስገባ ከምስጋናው ቀጥሎ ያለውን ሕመም በቁጥር እንዲናገሩ አበረታታለሁ፦ ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ከማድረግ እንዳገዳቸው። ማጋነን አይደለም፣ ምስጋናውንም መተው አያስፈልግም።

ይኸው ጨዋነት በቅጹ ላይም ይታያል። የዕለት ተዕለት አቅምን የሚጠይቀው ቅጽ፣ ምግብ ራስዎ ያበስላሉ ወይ፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ስንት ሰዓትስ ይፈጅብዎታል፣ ከታመሙ ወዲህ ምን ተለወጠ እያለ ይጠይቃል፤ ሳያርፉ ምን ያህል ርቀት እንደሚራመዱና ካረፉ በኋላ ለመቀጠል ስንት ደቂቃ እንደሚያስፈልግዎት ይጠይቃል። በሆቴል ክፍል ጽዳት ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ የኖሩ፣ ከሴሊያክ ጋር የአጥንት መሳሳትና የእግር መደንዘዝ ያለባቸው አንዲት ጎረቤታችን፣ መጀመሪያ የቀረበው ቅጻቸው ላይ ምግብ ያበስላሉ ወይ ለሚለው «አዎ፣ በየቀኑ» የሚል መልስ ነበረበት። መልሱ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን የሚያበስሉት ውጭ የተሠራ ምግብ ስለማይሆናቸው መሆኑን፣ ሽንኩርቱን ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደሚከትፉ፣ ድስቱን የሚያወርድላቸው ልጃቸው መሆኑን፣ በጋገሩ ማግስት ደግሞ ከአልጋ እንደማይነሡ አይናገርም። በይግባኙ ወቅት ቅጹ በእነዚህ ዝርዝሮች ተሟልቶ፣ ከሐኪማቸው አዲስ ደብዳቤና ከአጥንት ምርመራ ውጤት ጋር ቀረበ፤ ክፍያውም በችሎት ተፈቀደላቸው። ከሕመማቸው አንድም አልተጨመረም፣ የተጨመረው ገለጻ ነው።

የሐኪም ደብዳቤ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ክሊኒክ ለእኚሁ ጎረቤታችን የሰጠው የመጀመሪያ ደብዳቤ ሁለት መስመር ነበር፤ ሴሊያክ እንዳለባቸውና ከግሉተን እንዲርቁ እንደተነገራቸው ብቻ ይገልጻል። እንዲህ ያለው ወረቀት ለቀጣሪ ካፍቴሪያ ይበቃ ይሆናል፤ ለአካል ጉዳት ማመልከቻ ግን ዋጋ የለውም። የሚፈለገው የደም ምርመራውና የአንጀት ናሙናው ውጤት ከነቀኑ፣ ምግቡን ካስተካከሉ በኋላ የተደረገው ክትትል፣ አሁንም የቀሩት ምልክቶችና እነዚህ ምልክቶች መቆምን፣ ማንሣትን፣ በሥራ ላይ መገኘትን እንዴት እንደሚገድቡ የሚናገር ደብዳቤ ነው። በመጨረሻ የተጻፈላቸው ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ በላይ መቆም እንደማይችሉ ይገልጽ ነበር፤ ዳኛው በችሎት ደጋግመው የጠቀሱት ይህን መስመር ነው።

አንድ የማይታወቅ ነጥብ ላንሣ። ሶሻል ሴኩሪቲ የታዘዘለትን ሕክምና ያለ በቂ ምክንያት ያልተከተለን ሰው ሊከለክል ይችላል፤ ሆኖም በ2018 የወጣው የአስተዳደሩ መመሪያ የአመጋገብ ለውጥን፣ የአካል እንቅስቃሴንና ሲጋራ ማቆምን ከ«ታዘዘ ሕክምና» ውጭ አድርጓቸዋል። በጽሑፍ ደረጃ ይህ ለሴሊያክ ታማሚ ጥበቃ ነው። በተግባር ግን ፋይሉ ላይ «ታማሚው ግሉተን መብላቱን አልተወም» የሚል ማስታወሻ ካለ ምልክቶቹ ሊድኑ ይችሉ ነበር የሚል ጥርጣሬ መፍጠሩ አይቀርም። ከምግብ ባለሙያ ጋር የተደረገ ክትትልና በየጊዜው የተወሰደ የደም ምርመራ ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳሉ።

አገልግሎቱን በአሠራሩ ስመዝነው የማመሰግነው ነገር አለ። አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል፣ በስልክም ሆነ በችሎት፤ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማስተርጎም አያስፈልግም። የሕክምና ማስረጃው ካልበቃ በራሱ ወጪ ወደ ሐኪም ይልካል። ውሳኔ ያልጣመው ሰው በየእርከኑ 60 ቀን ተሰጥቶት እንደገና እንዲታይለት፣ ከዚያ በአስተዳደር ዳኛ ፊት እንዲቀርብ፣ ከዚያም ወደ ይግባኝ ምክር ቤትና ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲሄድ መብት አለው። ጠበቃ ቀድሞ ገንዘብ አይቀበልም፤ ከተፈረደ በኋላ ከተጠራቀመው ክፍያ 25 በመቶ፣ ቢበዛም 9,200 ዶላር ይወስዳል፤ ይህ ጣሪያ በ2024 ኖቬምበር መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለ ነው። ስለዚህ «ቅጹን እሞላልሃለሁ» ብሎ በቅድሚያ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ የሚከፈልበት ምክንያት የለም። የማያስመሰግነው ጊዜው ነው። ኤስኤስዲአይ የተፈቀደለት ሰው እንኳ አካል ጉዳቱ ከጀመረ በኋላ ያሉት አምስት ሙሉ ወራት አይከፈሉትም፣ ሜዲኬር ደግሞ ክፍያው ከተገባው በኋላ 24 ወር ይቆያል፤ ይግባኙም የራሱን ጊዜ ይወስዳል። ታሞ ለተኛ ሰው ይህ ረጅም ነው።

ነጥብ ስጥ ብባል፣ ለከባድና ለተወሳሰበ ሴሊያክ ከአምስት ሦስት፣ ምግቡን በማስተካከል ለሚኖር ታማሚ ወጪ ማገዣነት ደግሞ ዜሮ እሰጠዋለሁ። ዜሮው የሠራተኞቹ ጥፋት አይደለም፤ ሕጉ ለዚያ አልተሠራም። ለዚያ የተሠራ ሕግ ምን እንደሚመስል ለማየት ጣሊያንን መመልከት ይበቃል። ጣሊያን በ2005 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 123 ሴሊያክን እንደ ማኅበራዊ በሽታ ተቀብላ፣ በምርመራ ለተረጋገጠበት ነዋሪ ከግሉተን ነጻ ምግብ የሚገዛበት ወርኃዊ ገንዘብ ትመድባለች፤ በ2018 በወጣው ድንጋጌ መሠረት ከ18 እስከ 59 ዓመት ላለ ወንድ በወር 110 ዩሮ፣ ለሴት 90 ዩሮ ሲሆን፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን መጠኑ ይለያያል። ታማሚው ሥራ ፈት መሆን፣ ድሀ መሆን ወይም ከ47 ኪሎ ተኩል በታች መውረድ አይጠበቅበትም። የወንዱና የሴቷ ልዩነት በሚያስፈልገው የምግብ መጠን የተሰላ ነው ቢባልም፣ ዳቦው በመደብር ለሁለቱም እኩል ዋጋ መሸጡን ልብ ይሏል። በሮምና በሚላኖ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን መብት ከሐኪማቸውና ከአካባቢያቸው የጤና ጽሕፈት ቤት ሊጠይቁ ይገባል።

አሜሪካ ውስጥ የቀሩት እርዳታዎች የተበታተኑ ናቸው። በሥራና በትምህርት ቦታ ሴሊያክ ያለበት ሰው የተሻለ ጥበቃ አለው፤ በ2008 የተሻሻለው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መመገብንና የምግብ መፍጨት ተግባርን ከዋና ዋና የሕይወት ተግባራት ስለሚቆጥር፣ ለሶሻል ሴኩሪቲ የማይበቃ ሰው እዚህ ሊበቃ ይችላል። በዲሴምበር 2012 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱና በማሳቹሴትስ የሚገኘው ሌስሊ ዩኒቨርሲቲ የደረሱበት ስምምነት ለዚህ ምስክር ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የምግብ ክፍያ ለሚያስገድዳቸው ሴሊያክና የምግብ አለርጂ ላለባቸው ተማሪዎች የሚሆን ምግብ ለማቅረብ ተስማምቶ፣ ለተጎዱት ተማሪዎችም 50,000 ዶላር ከፍሏል። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅም ከሐኪም ማስረጃ ካቀረበ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከግሉተን ነጻ ምሳ የማግኘት መብት አለው። 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ አንድ ዓመትና 1,250 ሰዓት የሠራ ሰው በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ፣ ነገር ግን ሥራውን ሳያጣ፣ የሕክምና ፈቃድ ሊወስድ ይችላል፤ ፈቃዱ በቀናትና በሰዓታት ተከፋፍሎ ሊወሰድ መቻሉ ሕመሙ ሳይታሰብ ለሚነሣበት ሰው ትልቅ ነገር ነው። ነፍሰ ጡር እናቶችና ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ዊክ በተባለው የምግብ እርዳታ ፕሮግራም ሴሊያክን እንደ የሥነ ምግብ ስጋት አስመዝግበው በስንዴ ዳቦ ፈንታ ቡናማ ሩዝ ወይም የበቆሎ ቶርቲላ መውሰድ ይችላሉ። የምግብ ድጎማ ካርዱ ግን የሚሰላው በቤተሰብ ብዛትና በገቢ እንጂ በአመጋገብ ስላልሆነ ለሴሊያክ የሚጨምረው የለም።

ታክስ ላይ የሚነገረው ተስፋ ከእውነቱ ይበልጣል። የአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ፣ በሐኪም የታዘዘ ልዩ ምግብ ከተለመደው ምግብ የሚበልጥበትን የዋጋ ልዩነት ብቻ እንደ ሕክምና ወጪ ይቀበላል። ተራው ዳቦ 3 ዶላር፣ ከግሉተን ነጻ የሆነው 7 ዶላር ቢሆን የሚቆጠረው 4 ዶላር ነው። ለእኛ ሰው የሚነሣው ጥያቄ ንጹሑ የጤፍ እንጀራ ከምን ጋር ይነጻጸር የሚለው ነው፤ በእኔ እምነት ትክክለኛው ማነጻጸሪያ በዚያው መደብር የሚሸጠው የተደባለቀው እንጀራ ነው፣ የሁለቱንም ዋጋ የሚያሳይ ደረሰኝ መያዝ ይበጃል፤ የታክስ ባለሙያን ማማከርም አይከፋም። ችግሩ ያለው ቀጥሎ ነው። የሕክምና ወጪ ከገቢ 7.5 በመቶ በላይ የሆነው ብቻ ይቀነሳል፤ 60,000 ዶላር ለሚያገኝ ሰው የመጀመሪያው 4,500 ዶላር አይቆጠርም ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ዝርዝር ወጪዎቹ በአንድነት በ2025 ለነጠላ አስገቢ ከተፈቀደው፣ ወጪ ሳይዘረዘር ከሚቀነሰው 15,750 ዶላር መደበኛ ቅናሽ ካልበለጡ ጥቅም የላቸውም። የቤት ዕዳ ወለድ ወይም ከባድ የሆስፒታል ወጪ ለሌለው ሰው ይህ መንገድ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነው።

እህቴን የጠቀማት በአሠሪዋ በኩል የተከፈተው ኤፍኤስኤ የተባለው የጤና ወጪ ሒሳብ ነው። በዓመት እስከ ተወሰነ ጣሪያ (በ2025 3,300 ዶላር ነበር) ድረስ ከደመወዝ ላይ ታክስ ሳይነካው ተቀንሶ ይቀመጣል፤ ያው የዋጋ ልዩነት፣ ምግቡ ለሕክምና እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ ከቀረበ፣ ከዚህ ሒሳብ ይመለሳል፣ የ7.5 በመቶው ወለልም አይመለከተውም። በዓመት 1,500 ዶላር ልዩነት የሚያወጣ፣ 12 በመቶ የገቢ ታክስና 7.65 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ የሚከፍል ሰው ወደ 295 ዶላር ይተርፈዋል። ብዙ አይደለም፤ የጥቂት ወራት የጤፍ ዱቄት ዋጋ ነው፣ ግን ያለ ችሎትና ያለ ጠበቃ የሚገኝ ነው። ደብዳቤውን የሚያውቅዎት ሐኪም ይጻፈው፤ አይአርኤስ በማርች 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በበይነ መረብ ጥያቄ ብቻ ሞልተው ለተራ ምግብ የሐኪም ወረቀት የሚሸጡ ድርጅቶችን መጠንቀቅ እንደሚገባ ገልጿል። የሴሊያክ ምርመራ ውጤት ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ወረቀት መግዛት አያስፈልገውም። የሚቀመጠው ገንዘብ መጠን የሚወሰነው አሠሪው በሚከፍተው የዓመቱ ምዝገባ ወቅት ነው፣ አብዛኞቹም በመጸው ወራት ይከፍታሉ፤ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ስለሚቃጠል፣ አሠሪው ከፈቀደም ወደ ቀጣዩ ዓመት የሚሻገረው የተወሰነ መጠን ብቻ (ከ2025 ቢበዛ 660 ዶላር ነበር) ስለሆነ፣ ከመመዝገብ በፊት የሁለትና የሦስት ወር ደረሰኝ ደምሮ ልዩነቱን ማስላት ያስፈልጋል።